የጎሚስታው ደረት

ጎሚስታው ጎማ ለጥፎ ሲጨርስ ጆሮውን ሳያስጠጋ ለባለመኪናው አያስረክብም። ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ አለመውጣቱን ካየ በኋላም ያዳምጣል። ዓይኔን አላምነውም ይላል።

ሚስቱ ደግሞ የምታዳምጠው እሱን ነበር። ድሮ መኪና ያነሳበት ክሪክ ከድቶት መኪናው ጎኑን ከደቆሰው ወዲህ፣ ደረቱ ላይ ጋደም ስትል በግራ በኩል ጉርጉር የሚል ነገር ትሰማለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሆድህ ፎቅ ወጣ እንዴ?»

«ታች ጩኸትሽ አላስተኛ ብሎት ነው።»

ውሎ አድሮ እህል በቀመሰ ቁጥር ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። ታከም ስትለው ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ አደከማት። በመጨረሻ የሱቁን ቁልፍ ጉያዋ ሸጉጣ «ካልታከምክ አትከፍትም» አለችው። እሷ ካለች አለች ነው።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሟ የደረቱን ፎቶ ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየቻቸው። ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ ያኔ ተቀዷል፤ አንጀቱ በቀዳዳው ሽቅብ ወጥቶ ሳንባውን ጨፍልቆታል። ሐኪሟ ራሷ እንዲህ ያለ ብዙ አላየችም።

«አንጀቱን አውርደን እንሰፋዋለን። ካልነካነው አንጀቱ ታንቆ ይሞታል። የታፈነው ሳንባ ግን ተመልሶ ላይነፋ ይችላል።»

«ጎማ ሲቀደድ የውስጡ ከመነዳሪ ሾልኮ እንደሚያብጠው ነው በሉኛ፣ ዶክተር» አለ፤ ነገሩ ስለገባው ደስ ያለው ይመስል ነበር።

አልጋው ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል እየተገፋ ሲሄድ የሚስቱን እጅ ያዘ። «ስወጣ ጆሮሽን አስጠጊ። ጉርጉርታው ከጠፋ ሥራው ሠምሯል። ሳታዳምጪ እንዳትረከቢኝ።»

«ማን ይረከብሃል» አለችው። ተሳሳቁ።

ሐኪሟ ስትወጣ ጭንብሏን አውልቃ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠች። ሚስትየዋ መቀመጧን ስታይ ገባት። አንጀቱ እዚያው ደረቱ ውስጥ ጠቁሮ ነበር፤ የሞተውን ቆርጠው ቀሪውን ቀጠሉት፣ ቀዳዳውንም ሰፉት። ሳንባው ግን አልነፋ አለ፤ ልቡም ደከመ። አሁን የሚያስተነፍሰው ማሽን ነው፤ እሱም ብዙ አያቆየውም።

ባሏ ወደተኛበት ስትገባ ነርሱ ወንበር አስጠጋላት። አልተቀመጠችም። ቱቦዎቹን እንዳትነካ ተጠንቅቃ ጎንበስ አለችና ጆሮዋን ከፋሻው ከፍ አድርጋ በግራ በኩል አሳረፈች። ማሽኑ ይተነፍሳል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል። ጉርጉርታው የለም።

«እናቴ፣ ይበቃል» አላት ነርሱ።

አልተነሳችም። «ጠፍቷል» አለችው ባሏን፣ በቀስታ። «አንድም አይሰማም። ተረክቤሃለሁ።»

ከጉያዋ የሱቁን ቁልፍ አውጥታ መዳፉ ውስጥ አኖረችና ጣቶቹን አጠፈችለት። ጣቶቹ መልሰው ተዘረጉ። እንደገና አጠፈቻቸውና በራሷ እጅ ጨብጣ ይዛቸው ቆመች።