የጭላዳ አገር ቁራኛ

የሌለ አገር መሥራት እንዲህ ያጣላል ብሎ የነገረኝ የለም። ቢነግረኝም አልሰማም ነበር፤ እኔ ኃይለ ገብርኤል፣ ሰው ሲመክረኝ ጆሮዬን የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ታሪክ ሳስተምር ሸብቻለሁ። ተማሪዎቼ ብልጦች ናቸው፤ ግን ታሪክ ማለት የንጉሥ ስምና ዓመተ ምሕረት ይመስላቸዋል። ቢጨንቀኝ የታሪክ ክበቡን ሰብስቤ፣ «ዘንድሮ አገር እንሠራለን» አልኳቸው። «መሬቱም፣ ሕዝቡም፣ ሕጉም ከእናንተ። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው። ሕግ ከኪስ አይወጣም። የሆነ ሕዝብ፣ የሆነ ዘመን፣ በእውነት የኖረበት መሆን አለበት።»

የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ «ላም አለኝ በሰማይ!» እያሉ ተሳለቁብኝ። ይሳለቁ።

የአገሩን ስም በዕጣ አወጣን። ሚኪያስ የሚባል ቀልደኛ ተማሪ «ጭላዳ» ብሎ ጽፎ ከቷል፤ ዕጣውም ለእሱ ወጣ። አንኮበር ገደል ላይ ሣር ሲነጭ የሚውለው ዝንጀሮ የአገራችን ስም ሆነ። ደሜ ፈላ፤ ግን ዕጣ ዕጣ ነው።

ጭላዳ ቀስ በቀስ አገር አገር መሽተት ጀመረች። ከጥንቶቹ አቴናውያን ሹም በዕጣ መምረጥን ወሰድን። ከኢንካዎች ለክፉ ቀን የሚሆን የጋራ ጎተራ። ከእኛው ገበሬ ወንፈልን፣ ዛሬ አንተ ጋ ነገ እኔ ጋ እየተባሉ አብሮ ማረስን። ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ማስረከብን ደግሞ ከገዳ ሥርዓት ያመጣልን መምህር ታደለ ነው።

ታደለ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ወለጋ ተወልዶ፣ እዚያው አስተምሮ፣ እዚያው ቤት ሠርቶ፣ ሁሉንም ጥሎ ነፍሱን ይዞ የወጣ ሰው ነው። ከሚስቱ ከምስራቅና ከልጆቹ ጋር ከተማው ዳር ባለው የተፈናቃዮች መጠለያ ይኖራል፤ እኛ ጋ በጊዜያዊነት ነው የሚሠራው። ዝምተኛ ነው። ክርክር ላይ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። በዚህ ትምህርት ቤት እኔን የሚመጥን ተከራካሪ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው፤ ይህን ግን ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም።

እኔ በኩራት ያስገባሁት ሕግ ቁራኛ ነው። ድሮ በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ የኩታቸው ጫፍ ከጫፍ ይቋጠር ነበር። እንደተቋጠሩ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ዳኛ ሳያገኙ መለያየት የለም። ዳኛውም ማንም መንገደኛ ሊሆን ይችላል። «በሕግ አምላክ!» ብለው ካስቆሙት፣ ጉዳዩን ሰምቶ ሳይፈርድ ማለፍ ነውር ነው። ፍርዱ ያላረካው ደግሞ ይግባኝ ብሎ፣ እንደተቋጠረ ሌላ መንገደኛ ይጠብቃል። ልጆቹ በሳቅ እየፈረሱ በአንድ ድምፅ አጸደቁት።

ቅዳሜ ጧት ለጭላዳ ዋና ከተማ የሚሆን ኮረብታ ልንመርጥ ወደ አንኮበር ልንሄድ ነበር። ሚኒባሱ ዘገየ። እስኪመጣ ድረስ የቀረንን አንድ ሕግ እንጨርስ ተባለ፤ የመሬትን። አበሻ በመሬት ካልተጣላ በምን ይጣላል?

«በጭላዳ መሬት የሚያገኘው ማነው?» አለች ብርነሽ፣ የክበቡ ሰብሳቢ። ምላሷ ምላጭ ነው።

እኔ ርስት አልኩ። አገሩን ካቀናው አባት ጀምሮ ትውልዱን ቆጥሮ ራሱ ላይ የደረሰ ይካፈላል። ያልቆጠረ እንግዳ ነው። ታደለ ደግሞ ሞጋሳ አለ። ይህ የኦሮሞ የቆየ ሥርዓት ነው፤ ጎሳው መጤውን በአደባባይ ልጄ ነህ ይለዋል፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ከልጆቹ አይለይም።

«መጤውን ሁሉ ልጄ የሚል አገር፣ አገር አይደለም። መናኸሪያ ነው» አልኩ።

ታደለ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሽ ኃይሌ፣ በሌለ አገር እንኳ ቦታ ካጣሁ የት ልሂድ?» አለ።

የቀለደ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው አይስቅም። ከዚያ በኋላ ነው ሰኞ አዲስ አበባ እንደሚሄድ የነገረን። አንድ ወዳጁ የጥበቃ ሥራ ፈልጎለታል። የጂኦግራፊ መምህር በር ሊጠብቅ! «ተፈናቃይ መባል ሰለቸኝ» አለ። «እዚያ ቢያንስ ማንም ስለማያውቀኝ ማንም ከየት መጣህ አይለኝም።»

ማዘን ሲገባኝ ተናደድኩ። ጥሎኝ ሊሄድ መሆኑን ከልጆቹ እኩል መስማቴ ነው ያቃጠለኝ። «እሄዳለሁ እያልክ አስፈራርተህ ሕግ ልታስለውጥ ነው?» አልኩት።

«ርስትዎን እየቆጠሩ ይኑሩ!» አለኝ፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ብርነሽ ጠረጴዛውን ደበደበች። «ጠብ ነው! ቁራኛ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። በገዛ ሕጌ እምቢ ማለት አልችልም። የጋቢዬን ጫፍ ከታደለ ጃኬት እጅጌ ጋር ቋጠሩት፤ ሚኪያስ ቋጠሮውን በጥርሱ አጠበቀው። ሚኒባሱ ሲመጣ ጎን ለጎን እየተጎተትን ገባን። ሾፌሩ፣ «ምን አጥፍተው ነው?» ሲል ልጆቹ ሙሽሮች ናቸው አሉት። አንኮበር እስክንደርስ ድረስ ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም። መንገድ ላይ ለሽንት ስወርድ ብቻ፣ «ቀስ ይበሉ፣ ያዳልጣል» አለኝ።

አንኮበር በጉም ተሸፍና ጠበቀችን። የድሮው ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ የሚወስደውን መንገድ ስንጀምር፣ ከታች ከአልዩ አምባ ገበያ አህያውን እየነዳ የሚወጣ ሰው አገኘን። ብርነሽ መንገዱ መሃል ቆማ፣ «በሕግ አምላክ!» አለች።

ሰውየው ደንግጦ ቆመ። ገብረ ጻድቅ እባላለሁ አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቋጥረው ሲያይ አማተበ። «ቁራኛ! እኔ እንኳ የማውቀው በወሬ ነው።» ብርነሽ ሁለቱንም የመሬት ሕግ፣ ርስትንና ሞጋሳን፣ አስረዳችው።

«መሬቱ የት ነው?» አለ።

«ጭላዳ የሚባል አገር። ራቅ ይላል» አለች።

«አልሰማሁትም። በሉ ቶሎ ቶሎ በሉ፣ አህያው ጭነት ላይ ነው። አባት ቁጠሩ።»

እዚህ ላይ ማን ይችለኛል? አባቶቼ የዚሁ ኮረብታ ሰዎች ናቸው። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ኃይለ ገብርኤል ወልደተንሣኤ፣ ወልደተንሣኤ ዘሥላሴ እያልኩ እስከ ሰባት ቤት አወረድኩት። ገብረ ጻድቅ በየስሙ ራሱን ነቀነቀ።

«አንተስ?» አለ ወደ ታደለ ዞሮ።

«አልቆጥርም።»

«አታውቅም?»

«አልቆጥርም ነው ያልኩት።»

«ላልቆጠረ ምን ብዬ ልፍረድ? መሬቱ የቆጠረው ነው።» አህያውን መታ አድርጎ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ረታሁ። ማንም አላጨበጨበም። ታደለ ቋጠሮውን ራሱ ፈታው። የሚኪያስ ጥርስ ያጠበቀውን በትዕግሥት፣ ክር ሳይበጥስ ፈታና የጋቢዬን ጫፍ ትከሻዬ ላይ መልሶ ጣል አደረገልኝ። «ተፈረደ» አለ። «ሕግ ነው።» ከዚያ ቁልቁል ወደ ሚኒባሱ ሄደ።

ልጆቹ ኮረብታውን ረስተው እኔን ያያሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? የሌለ አገር መሬት አግኝቼ ያለኝን ሰው ጣልኩ። ተከትዬው ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ብቻውን፣ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል።

«ለምን አልቆጠርክም?» አልኩት።

«ቅድመ አያቴ የዚሁ አገር፣ የመዘዞ ሰው ናቸው» አለ። «በረሃብ ዘመን ነው የተሰደዱት። አያቴ ሲቆጥሩ እየሰማሁ አድጌያለሁ፤ አንድ ሁለት ቤት ሳልበልጥዎም አልቀርም።»

«ታዲያ ምነው!»

«ቅድመ አያቴን እዚያ በሞጋሳ ነበር የተቀበሏቸው። ያንን የረሱ ሰዎች መጥተው በሬን አንኳኩ። ያልረሱት ጎረቤቶቻችን ናቸው ጓዳቸው ደብቀው ያተረፉን። የመጡት ሰዎች የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ የማን ልጅ ነህ፣ አባትህን ቁጠር። ቆጠርኩላቸው። በቆጠራ ወጥቼ በቆጠራ አልገባም፣ ጋሽ ኃይሌ። ደግሞስ ምስራቅ? አባቷን የማታውቅ፣ ሰው ያሳደጋት ልጅ ናት። እኔ ቆጥሬ ልግባና እሷን ደጅ ላቁማት?»

አፈርኩ። እኔ ስሞቹን እንደ መዝሙር ሳወርድ እሱ የሚሰማው የበር መንኳኳት ነበር። ሳላስበው ጮክ ብዬ፣ «ይግባኝ!» አልኩ።

ልጆቹ በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። «ቲቸር፣ የረታ ሰው ይግባኝ ይላል እንዴ?» አለ ሚኪያስ።

ብርነሽ ቀደመችኝ። «ሕጉ ፍርዱ ያላረካው ነው የሚለው። ቲቸርን አይተኸዋል? የረካ ይመስላል?»

የጋቢዬን ጫፍ አንስቼ የታደለን እጅጌ ያዝኩ። ጣቶቼ በብርዱ ደንዝዘው ቋጠሮው አልይዝ አለኝ። ታደለ አየኝ። በሌላ እጁ ጫፉን ያዘልኝና አብረን ቋጠርነው።

«ተቆራኝቶ ደግሞ አገር መልቀቅ የለም» አልኩት። «ሰኞ የሚባል ነገር የለም።»

«ይህ በሕጉ የለም» አለ።

«ዳኛ ሳያገኙ መለያየት የለም ይላል። እኔ አዲስ አበባ አልሄድም።»

ኮረብታው ላይ ወጥተን ሌላ መንገደኛ ጠበቅን፤ በዚያ ጉም ማን ይመጣል? ዳኛ ሳናገኝ ተመለስን። ደብረ ብርሃን ስንገባ ልጆቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሾፌሩ በመስታወት አይቶን፣ «እናንተን የት ላውርዳችሁ?» አለ። ሁለት ቦታ መውረድ አንችልም። ያን መጠለያ በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ ገብቼበት ግን አላውቅም። «መጠለያው ጋ፣ ወራጅ አለ» አልኩ።

ምስራቅ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከኋላዋ ጓዛቸው ታስሮ ተቀምጧል፤ በገመድ የተጠፈረ አንድ ትልቅ እስር። ቋጠሮውን አየች፣ ባሏን አየች፣ እኔን አየች።

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ጋሽ ኃይለ ገብርኤል ናቸው» አለ ታደለ። «ዳኛ እየፈለግን ነው። እስኪገኝ ድረስ መለያየት አንችልም።»

«እስከ መቼ?»

«እንጃ» አልኩ እኔ። «የዚህ አገር መንገደኛ ቸኳይ ነው። ጥሩ ዳኛ ለማግኘት ይቆያል።»

ባሏን ደግማ አየችው። ምን እንዳየች አላውቅም፤ እሱ ግን አልተከራከረም። «በሉ ግቡ፣ ብርድ ነው» አለች። ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ የምንቀመጥበት አልነበረም፣ ሁሉ ነገር ታስሯል። ምስራቅ ተንበርክካ ገመዱን ፈታችና፣ ለእንግዳ የሚነጠፍ ብርድ ልብስ ከጓዙ መሃል አወጣች።