አንዱ ለነፋሱ

የዳገቱ እኩሌታ ላይ የመኪናዋ ሞተር ሁለት ጊዜ ተናነቀና ጸጥ አለ። ሁለቱም ቀያይ መብራቶች፣ የዘይቱም የባትሪውም፣ አንድ ላይ ቦግ አሉ። ዑመር የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደና ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጎጠ።

«ይኸው፣ ዛሬ በዓይንዎ አዩት» አለ ተመልሶ።

ከጎኑ የተቀመጡት የሆሳዕናው መካኒክ ጋሽ ወልደ ሰንበት ነበሩ። ሦስት ጊዜ «ድናለች» ብለው የላኳት ፒካፕ ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ ስለቀረችባቸው፣ ለስማቸው ሲሉ መፍቻቸውን ይዘው ራሳቸው ተሳፍረዋል።

ፒካፗ ሆመቾ አጠገብ ያለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ናት። ጀርባዋ ላይ የምግብ ዘይት በቆርቆሮ ቆርቆሮ ተጭኗል። ማኅበሩ ሱቅ ደጃፍ ደግሞ ሕዝቡ ከማለዳ ጀምሮ ጠርሙሱን ይዞ ተሰልፏል። የማኅበሩ ኃላፊ ጓድ ሰይፈሥላሴ ትናንት ለዑመር የነገሩት አጭር ነበር፤ ዛሬም መኪናዋ ከቆመች ነገሩ ብልሽት መሆኑ ቀርቶ አሻጥር ይባላል፣ መዝገቡም ወደ አብዮት ጥበቃ ይሄዳል። ቤንዚኑን እየሸጠ «ተበላሸች» ይላል የሚል ወሬ ቀድሞ ተነዝቷል። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የሚለው ቃል አንዴ ከወጣ ወዲያ የሚመልሰው አልነበረም። ዑመር ፈርቷል። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን በማያውቀው ነገር ሌባ መባሉ ያንገበግበዋል።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ቀዮቹን መብራቶች ትክ ብለው አዩአቸው።

«እነዚህ ለቀስተኞች ናቸው» አሉ። «ሞተሩ ስለሞተ ነው የበሩት እንጂ እነሱ አልገደሉትም። እኔ ሞኙ ለቀስተኛ ይዤ ስመረምር፣ ዲናሞና ባትሪ ስቀይር ከረምኩ።»

ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ፤ ቤንዚን የሚያመጣውን ቱቦ ከካርቡራተሩ ነቀሉና ዑመር ቁልፉን እንዲያዞር አዘዙ። ሞተሩ ቢሽከረከርም ከቱቦው አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ሩብ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆዩና ደግመው ሞከሩ። ቤንዚኑ ፊን ብሎ ወጣ። ፓምፑ ደኅና ነው፣ ቱቦው ንጹሕ ነው፣ ቤንዚኑም አለ። ታዲያ ስትሮጥ የሚይዘው፣ ስትቆም የሚለቀው ምንድን ነው?

«እኔ እኮ ያኔውኑ ነግሬዎታለሁ» አለ ዑመር። «ትታፈናለች ብዬ።»

እውነቱን ነው። መጀመሪያ ጋራዥ ያመጣት ቀን ይህንኑ ተናግሮ ነበር። አፉን የፈታው በሀዲይኛ ስለሆነ የጋራዡ ሰው ሁሉ አማርኛው የተሳሳተ መስሎት ሳቀበት። «ጉልበት አነሳት በል እንጂ፤ መኪና ሳንባ አላት እንዴ?» ያሉት ራሳቸው ጋሽ ወልደ ሰንበት ናቸው። ዑመር አፍሮ ቃሉን ዳግመኛ አላነሳውም። እሱ የሰማው ግን ያንኑ ነው፤ አፉን በእጅ የያዙት ሰው ድምፅ።

አሁን ጋሽ ወልደ ሰንበት አልሳቁም። ዞረው የቤንዚን መክፈቻው ጋ ሄዱ።

ከወር በፊት ቤንዚን ጎደለ ተብሎ፣ ጓድ ሰይፈሥላሴ ክዳኑን ከአሮጌ የጎማ ካላማደሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ጠቅልለው፣ በሽቦ አስረው፣ ላዩ ላይ ቀይ ሰም አፍስሰው የማኅበሩን ክብ ማኅተም አትመውበታል። ከዚያ ወዲህ ቤንዚን የሚቀዳው በኩፖኑ ልክ፣ እሳቸው ባሉበት ነው። ሁሉም ያን ማኅተም እንደ እባብ ይሸሸዋል። መካኒኩም ቢሆኑ መኪናዋን ከአፏ እስከ ጅራቷ ሲፈትሹ እዚያች ላይ ሲደርሱ ያልፉ ነበር። ማኅተሙ የመኪናዋ አካል መሆኑ ለማንም አልታየም፤ የመንግሥት አካል ነበር።

«ክዳኑ አናት መሐል ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ነፋስ የምታስገባ» አሉ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መትተው። «ቤንዚኑ በወጣ ቁጥር በቦታው ነፋስ ካልገባ አይወጣም። እሷን ነው የደፈኑብን።»

ዑመር ወዲያው የሱቁ ሻጭ ከበቡሽ ትዝ አለችው። ከበቡሽ የዘይት ቆርቆሮ ስትከፍት በሚስማር ሁለት ቦታ ትበሳና «አንዱ ለዘይቱ፣ አንዱ ለነፋሱ» ትላለች። ቀን ቆጠረ። መኪናዋ መጀመሪያ የቆመችው ክዳኑ በታሸገ ማግስት ነው።

ጋሽ ወልደ ሰንበት ቢላ አወጡ። «ሰሙን ላንሳና ላስተንፍሳት። ስንቃረብ አቅልጠን እንመልሰዋለን። ማን ያየናል?»

ዑመር ልቡ ክፉኛ ከጀለ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

«አይሆንም» አለ። «በስውር ከከፈትኩት ያሉኝን ሆንኩላቸው ማለት ነው። ያተሙት ራሳቸው ይክፈቱት።»

እንደዚሁ እየሄዱ፣ እየቆሙ፣ ሩብ ሩብ ሰዓት እያሳረፏት ሲደርሱ ቀትር አልፏል። ከማኅበሩ ግቢ በር ላይ ሞተሩ እንደገና መተናነቅ ጀመረ። ዑመር አሁን ሊያሳርፋት አልፈለገም። ነዳጁን ረግጦ አስገባትና መኪናዋ ሰልፈኛው ፊት ጸጥ አለች። ሁለቱ መብራቶች በሩ። ከሰልፉ መሐል አንዱ «ሌባው መጣ» ሲል ሰማ።

ጓድ ሰይፈሥላሴ መዝገቡን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለእያንዳንዷ ሊትር እሳቸውም የሚጠይቃቸው አለ። ዑመር ሰላምታ ሰጥቶ አንድ ቆርቆሮ አወረደና ከበቡሽ ፊት አስቀመጠ።

«አንድ ቦታ ብቻ ብሺው» አላት።

«አንዱ አይወርድም እኮ።»

«አውቃለሁ። አንድ ብቻ።»

በሳችና ዘነበለችው። ዘይቱ ጠብ፣ ጠብ አለና ቆመ። ሰልፈኛው ሳቀ። ሁለተኛውን ስትበሳው እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወረደ።

ዑመር ወደ ኃላፊው ዞረ። «መኪናዋም እንዲሁ ናት፣ ጓድ። የነፋሱን ቀዳዳ በሰም ደፍነውባታል። እኔ አልነካሁትም፤ ማኅተምዎን ይዩት። አሁኑኑ እርስዎ ይክፈቱት።»

ጓድ ሰይፈሥላሴ ጎንበስ ብለው ማኅተሙን ዙሪያውን መረመሩት። አልተነካም። ቢላ ተቀብለው ሰሙንና ላስቲኩን ቆረጡ፤ ክዳኑን ገና ሲያላሉት ነፋስ እያፏጨ ወደ ውስጥ ገባ። ፉጨቱን የሰልፉ ፊተኞች ሁሉ ሰሙት። ዑመር አንዲት ደቂቃ ሳይጠብቅ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ፣ መብራቶቹም ጠፉ።

ኃላፊው ይቅርታ አልጠየቁም። ነገሩ በቴክኒክ ብልሽት ይያዝ አሉና መዝገቡን ዘጉት። ላስቲኩን ጣሉት፤ ከኪሳቸው ግን ሰምና ክብሪት አወጡ፣ ዑመር ሞተሩን ሲያጠፋም ከመኪናዋ ራቅ ብለው ሰሙን አቀለጡት። ሳይታሸግ ማደር የለበትም፣ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ክዳኑን መልሰው ገጥመው ትኩሱን ሰም አናቱ ላይ አፍስሰው ማኅተሙን ጫን አድርገው አተሙበት። የነፋሷ ቀዳዳ ዳግም ተደፈነች። ጋሽ ወልደ ሰንበት መሬት መሬት ያያሉ። ሰልፈኛውም ፊቱን ወደ ዘይቱ መልሷል።

ዑመር ስሙ ነጽቶለታል። ነገ ዳገቱ ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ ቀስ ብሎ ሊበሳት ይችል ነበር። እሱ ግን ከከበቡሽ እጅ ዘይት የነካውን ሚስማር ተቀበለ፣ ሰሙ ሳይደርቅም የማኅተሙን መሐል ለመሐል ወጋው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አሉ ጓድ ሰይፈሥላሴ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።»

«በዚህች የሚገባው ነፋስ ብቻ ነው፣ ጓድ» አለ ዑመር፣ ሚስማሩን አዙሮ እየነቀለ። «ባሸጉ ቁጥር እዚሁ ፊትዎ እበሳታለሁ።»

ኃላፊው ቀዳዳዋን አዩ፣ እሱን አዩ፤ ማኅተማቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ዑመር ሚስማሩን በሱሪው ጠራርጎ ከመኪናዋ ቁልፍ ጋር በአንድ ገመድ አሰረው።

«ሚስማሬስ?» አለች ከበቡሽ።

«ሌላ ፈልጊ» አላትና ቆርቆሮዎቹን ማውረድ ጀመረ።