መዝገበ ቃላት የማያስፈልገው ሰው

ገብረአብ መዝገበ ቃላት ኖሮት አያውቅም። ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ኩራቱ ነው። «መዝገበ ቃላት የቃል ሥር ለማያውቅ ሰው ነው» ይል ነበር፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለው የቀበሌ አዳራሽ ከሥራ መልስ እንግሊዝኛ ለሚያስተምራቸው ሠላሳ ምናምን ሰዎች። ቀን ቀን አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ይደረድራል። እዚያ ማንም «መምህር» ብሎ አይጠራውም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ሲደርስ ኮቱን ለብሶ ወደ አዳራሹ የሚሄደው እየተጣደፈ ነበር።

ይህን ጥበብ ያገኘው በወጣትነቱ ነው፣ ፒያሳ ሱቅ ከነበራቸው ግሪካዊ ከሙሴ ኮስታ። ሙሴ ኮስታ ሳርዲን እየሸጡ «ቴሌ ማለት ሩቅ፣ ፎን ማለት ድምፅ። እንግሊዝ ከእኛ ወስዶ ነው» ይሉት ነበር። አብዮቱ ፈንድቶ ሱቃቸው ሲወረስና አገራቸው ሲገቡ፣ አርባ ሁለት የቃላት ሥሮች በእጃቸው የጻፉበትን ደብተር ትተውለት ሄዱ፤ ሃያው የግሪክ፣ ሃያ ሁለቱ የላቲን። ገብረአብም በእነዚህ አርባ ሁለት ቁልፎች የእንግሊዝኛን በር ሁሉ እከፍታለሁ ብሎ አመነ።

እርግጥ ነው አንዳንዴ ቁልፉ በሩ ላይ ይሰበር ነበር። አንድ ቀን በቀበሌው የውይይት ክበብ ጓድ ሊቀመንበር «ኢምፔሪያሊዝም» የሚለውን ቃል እንዲያስረዳ ጠየቁት። ገብረአብ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢም ማለት ያልሆነ፤ ሪያል ማለት እውነተኛ። በመሃል ያለችው ፔ ማያያዣ ናት። ስለዚህ እውነተኛ ያልሆነ ነገር ማለት ነው።»

ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ኢምፔሪያሊዝም የለም እያልክ ነው፣ ጓድ ገብረአብ?»

ገብረአብ ፈጠን ብሎ፣ «የለም ሳይሆን… ታሪክ የፈረደበት፣ ሊጠፋ የተቃረበ ማለቴ ነው!» አለ። ተጨበጨበለት። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚያ በኋላ አንደበቱን ይቆጥብ ነበር። ገብረአብ ግን ጭብጨባውን ብቻ ይዞ ቤቱ ገባ።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ደብሪቱ የምትባል ጎረቤቱ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ደብሪቱ አምስት ኪሎ አካባቢ በነበረ አንድ የውጭ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆና ሠርታለች። ድርጅቱ ሊዘጋ ነው፤ ኃላፊዋ ሚስ አግነስም በዚያው ሳምንት ሐሙስ ወደ አገራቸው ይበርራሉ። በስንብቱ ቀን አቅፈው ስመዋት አንድ የታሸገ ፖስታ ሰጥተዋታል።

«ጋሼ፣ ሌላ ሥራ ስጠይቅ የማሳየው ነው። ምን እንደሚል ያንብቡልኝ» አለችው።

ይህን የመሰለ ጉዳይ ቤት ውስጥ አይነበብም። ገብረአብ ፒያሳ ወደሚያዘወትረው ኬክ ቤት ወሰዳት፤ ማኪያቶ አዘዘና ደብዳቤውን ዘረጋ። ከባንኮኒው አጠገብ ከአዳራሹ ተማሪዎቹ አንዱ፣ ሰዓት ሠሪው ሲራጅ፣ ተቀምጦ ነበርና እሱም እንዲሰማለት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«የደብሪቱ አገልግሎት ኢንቫሉዬብል ነበር» ብሎ አነበበና ቆመ። ኢን፣ ያልሆነ ወይም የሌለው። ቫልዩ፣ ዋጋ። ቀጠለ። ለዕቃ ቤታችን ኢንዲስፔንሰብል ነበረች፤ ዲስፔንሰሪ መድኃኒት የሚታደልበት ነው፣ እንግዲህ ማደል የማትችል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ዲስኢንተረስትድ የሚል አለ፤ ፍላጎት የሌላት።

ደብሪቱን ቀና ብሎ አያት። ዘጠኝ ዓመት አብረው ሠርተው፣ አቅፈው ስመው፣ እንዲህ ብሎ መጻፍ አለ? የሚል ጥያቄ ሽው አለበት። ግን ጥያቄው ከአርባ ሁለቱ ውስጥ ስላልነበረ አሳለፈው።

«ደብሪቱ፣ በርቺ» አላት። «ዋጋ ቢስ ነሽ ይላል። ዕቃ ማደል አትችልም፣ የሥራ ፍላጎትም የላትም ይላል።»

ደብሪቱ አላለቀሰችም። «እኔን?» አለች። ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና ቀስ ብላ ከአራት ቀደደችው።

«ጋሼ፣ መዝገበ ቃላት ብናይስ?» አለ ሲራጅ ከባንኮኒው። «እታች መጽሐፍ አከራዩ ጋ አለ።»

«ለሦስት ቃል?» አለ ገብረአብ በንቀት። ማኪያቶውን በአንድ ጊዜ ጨለጠውና ተነሣ። «ተነሽ፣ እንሂድ። እሳቸው ፊት ቀርቤ እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

መጀመሪያ ቤቱ ጎራ ብሎ ክራባት አሰረ። ከዚያ በራስ መኮንን ድልድይ ወርደው አምስት ኪሎ እስኪደርሱ ደብሪቱ የተቀደደውን ደብዳቤ በእጇ ጨብጣ ወደፊት ወደፊት ትላለች። እሱ ከኋላ እየተከተለ የሚናገረውን ያጠና ነበር።

ሚስ አግነስ በካርቶን በተሞላ ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብለው መጻሕፍት ሲያሽጉ አገኟቸው። ስልሳ ያለፋቸው፣ ደረቅ ያሉ እንግሊዛዊት ናቸው፤ አማርኛቸው ከአስቤዛ አያልፍም። «ደብሪቱ! ደህና ነሽ?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ደብሪቱ አራቱን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ገብረአብ ወደፊት አንድ እርምጃ ሄደና በእንግሊዝኛ ጀመረ። ስለ ሰው ልጅ ክብር፣ ስለ ሠርቶ አደሩ ሕዝብ፣ ስለ ውለታ ቢስነት ተናገረ። ከአርባ ሁለቱ ሥሮች ሠላሳውን በዚያች ንግግር ጨረሳቸው። ሚስ አግነስ መነጽራቸውን አድርገው በትዕግሥት አዳመጡና «ይቅርታ፣ ስለ ማን ነው የምትናገረው?» አሉ።

«ኢንቫሉዬብል ብለዋታል!»

«አዎን፣ ብያታለሁ። ናትም።»

«ይኸው አመኑ!» አለ ገብረአብ ወደ ደብሪቱ ዞሮ በአማርኛ።

ሴትዮዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ ቁርጥራጩን አዩ። ከዚያ ገባቸው። አልሳቁም፤ ቢስቁ ይቀለው ነበር። ቃሉ ታላቅ ምስጋና መሆኑን በዝግታ ነገሩት። ገብረአብ አልቀበልም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ የተናገረውን ከዚያ በኋላ ባስታወሰው ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል። ለእንግሊዛዊቷ ሴት፣ በገዛ ቢሯቸው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ቃል የእናንተ አይደለም። የላቲን ነው» አላቸው።

«ልክ ነህ» አሉት። «ኢን ማለት ያልሆነ ነው፣ ልክ ነህ። ቫልዩም ዋጋ ነው። ግን መጨረሻው ላይ ኤብል አለ። ዋጋ ሊተመንላት የማይቻል ማለት ነው። ምን ያህል ታወጣለች ብለህ ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም።»

ኤብል አርባ ሁለቱ ውስጥ ነበረች፤ ከላቲኖቹ አሥራ ዘጠነኛዋ። ቸኩሎ ነው የዘለላት። ኢንዲስፔንሰብልም ያለ እሷ መሥራት የማይቻል፣ ዲስኢንተረስትድም ለራሷ ጥቅም የማታስብ እንደሆነ ተነገረው። ወንበር ቢያጣ ካርቶን ላይ ቁጭ አለ።

«ምን አሉ?» አለች ደብሪቱ። የሁለቱን ፊት ስታይ ስለቆየች ነገሩ ገብቷታል፤ የቀራት ቃሉን መስማት ብቻ ነበር።

«ዋጋሽ አይተመንም አሉ» አለ ወለሉን እያየ። «ያለ አንቺ መሥራት አይቻልም አሉ። የቀረው… የእኔ ስሕተት ነው።»

ደብሪቱ ወደ ቁርጥራጩ ዞረች፣ ከዚያ ወደ ሚስ አግነስ ሄዳ እጃቸውን ሳመች። ሴትዮዋ አቀፏትና ከትከሻዋ በላይ ገብረአብን «መተየብ ትችላለህ?» አሉት። ጸሐፊያቸው ከሄደች ሳምንት ሆኗታል። ገብረአብ ካርቶን ፈትቶ የጽሕፈት መኪናውን አወጣ። ሚስ አግነስ በዚህ ጊዜ ሕፃን የሚረዳውን አጫጭር ቃል እየመረጡ አስጻፉት፦ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ ቤታችንን ጠበቀች፤ አንድ ከረጢት አልጠፋባትም፤ ይህን የምታነብ ሆይ፣ ዛሬውኑ ቅጠራት። ከመፈረማቸው በፊት «የማይገባህ ቃል አለ?» ብለው ጠየቁት። በቅንነት ነው የጠየቁት፤ እሱን ያቃጠለውም ይኸው ነው።

ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ደብሪቱ ቆመች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«ማደል የማትችል!» አለች። «ጋሼ፣ ስንት ኩንታል ስንዴ ያደልኩት ሴት!»

«ይቅር በይኝ» አላት።

«ይቅር እላለሁ።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ግን ያን ያህል መንገድ ክራባት አስረው የመጡት ተቆጥተው ነው?»

«ተቆጥቼ ነው።»

«ለእኔ?»

ገብረአብ ትንሽ አሰበ። ለራሱ ክብር ጭምር እንደነበር ያውቃል፤ ያን ቀን ደግሞ ሌላ ውሸት መጨመር አልፈለገም። «ግማሹ ለአንቺ ነው» አለ።

«ግማሹም ይበቃል» አለችና ቀድማው ዳገቱን ወጣች።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሆስፒታል ዕቃ ቤት ተቀጠረች። ገብረአብ ግን ከዚያ በፊት፣ በማግስቱ፣ አዳራሹ ውስጥ ታሪኩን ከሥሩ ተናገረ። ጀግና ሆኖ አይደለም፤ ሲራጅ ቀድሞ እንዳይናገርበት ነው። የላቲኗን ሙግት እንኳ አልደበቀም። ሲጨርስ ከኋላ ወንበር ሲራጅ እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ እንጀራስ? ጀራ ያልሆነ ማለት ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ጓድ ሊቀመንበር ሳይቀሩ በመስኮት ብቅ ብለው ምን ተገኘ አሉ። ገብረአብ ጠመኔውን በእጁ እያሽከረከረ ሳቃቸው እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ቶሎ አላለቀም፤ በመጨረሻ እሱም መሳቅ ጀመረ።