ሰባት ዓመት ቀድመው የመጡ እንግዶች

ዶክተር ዘምዘም ይመር የዓለምን ትልቁን የሕክምና ሽልማት ከማግኘቷ ከሰባት ዓመት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉ እንግዶች ደሴ፣ ሆጤ ያለው ቤቷ ደረሱ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ሥራዬ የትኛው ተመራማሪ ትልልቆቹን ሽልማቶች እንደሚወስድ አስቀድሞ መናገር ነው። መሥሪያ ቤታችን ይህን የሚተነብየው የአንድ ሰው ጥናት በሌሎች ጥናቶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ቆጥሮ ነው። የሰውን ጃንጥላ ቆጥሮ ዝናብ እንደ መተንበይ ማለት ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል። የዘምዘምን የጉበት መድኃኒት ጥናት የጠቀሰው ሰው ጥቂት ነበር፤ እሷም ከበጋው ጀምሮ ቤተ ሙከራዋን ዘግታለች። ስሟን ከተገማቾቹ ዝርዝር ልንሰርዘው ስለሆነ፣ ከሰው ከምትሰማ ራሴ ልንገራት ብዬ መጣሁ።

«ሰርዙት» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። «ሰኞ ቁልፉን አስረክባለሁ።»

ምክንያቱን በተከፈተው የመኝታ ቤት በር አየሁት። እናቷ ወይዘሮ ከዲጃ ተኝተዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ ሆዳቸው አብጧል። ሆስፒታሉ ወደ ቤት ውሰጃቸው ብሏታል። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዕድሜዋን በጉበት ጥናት ጨርሳ የገዛ እናቷን ማዳን ያቃታት ሰው ምን ተብላ ትጽናናለች?

እንግዶቹ የመጡት ይሄኔ ነው። ከፊት ሆነው ሙክት የሚጎትቱት ጎረቤቷ ጋሽ ሙሄ ናቸው። እኚሁ ጋሽ ሙሄ ራሳቸው ደግሞ እዚያው አጥራቸው ሥር ሚስማር እየመቱ ነበር። ሁለቱ ጋሽ ሙሄዎች እንደ ጎረቤት ሰላም ተባባሉ።

«ጉልበትህስ?» አሉ አጥር የሚሠሩት።

«ይብሳል። ብርድ አትዳፈር» አሉ ሙክት የያዙት፤ ወደ ውስጥም ዘለቁ።

እልልታው ግቢውን ሞላው። ዳቦ የተሸከመች ሴት ዘምዘምን አገላብጣ ሳመቻትና ድስት እንዳልተጣደ ስታይ ቅር አላት። ጋሽ ሙሄ ግን ግቢውን ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። ከወደፊቱ ዘመን ያመጣቸውን ሚኒባስ የነዳችው ልጃቸው ናት፤ የተነገራትን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዳው ነው። ሰባት ዓመት ቀድመው ደርሰዋል።

«የዛሬ ልጆች!» አሉ። «አስፋልቱ የት ገባ ስል ነበር ለካ። መኪናው ዳገቱን እምቢ ብሎ ታች ቆሟል።»

ተወቃሿ ልጅ በዚያ ሰዓት ጎረቤት ግቢ ውስጥ ገመድ ትዘል ነበር።

ዘምዘም ስለ ሽልማቱ አንድም ነገር አልጠየቀችም። እኔ ጠየቅሁ፤ አዎ፣ የሕክምናው ነው አሉኝ። እሷ የምታየው የእንግዶቹን ፊት ነው፤ አንድ በአንድ አይታ ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። እናቷ መሃላቸው የሉም። ስማቸውንም ያነሳ የለም። በእኛ አገር ደስታ ቤት መርዶ አይነገርም፤ ቀን ተጠብቆ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚረዳው። ይህን እሷም ታውቃለች።

«ጋሽ ሙሄ» አለች በመጨረሻ፤ «እናቴስ?»

ጋሽ ሙሄ ወደ በሩ ዞረው አዩ።

«ኧረ ኋላ ናቸው! ደግፈን እናውጣዎት ብንል በእግሬ ካልወጣሁ አሉ። ምን እናድርግ፣ ጥለናቸው መጣን።»

ወይዘሮ ከዲጃ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ፣ ሚኒባሱንም ልጅቱንም እየተራገሙ ገቡ። ዓይናቸው ላይ ቢጫ የሚባል ነገር የለም። ዘምዘም እግራቸው ሥር ተደፍታ አለቀሰች። እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

«አብሽሪ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አሏት።

«የቱ ነው ያዳነሽ እማዬ? የትኛው መድኃኒት?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ያጠጣሽኝን ጠጣሁ።» ትንሽ አሰቡ። «የሚመረው ነው።»

«ሁሉም ይመራል።»

«እንግዲያ ሁሉንም ሞክሪያ!»

ዘምዘም ቁልፉን ከመስኮቱ ላይ አነሳችና በነጠላ ጫማዋ እየሮጠች ወደ ቤተ ሙከራዋ ሄደች። እንግዶቹ ሳይጠሩ በመምጣታቸው አፍረው ዳቦውን ትተው ወጡ። ሙክቱን ግን መልሰው ወሰዱት፤ ለቀኑ ይፈለጋል።

በእግራቸው የመጡት ወይዘሮ ከዲጃ ዳገቱ አድክሟቸው ስለነበር አብረው አልሄዱም። መኝታ ቤት ገብተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የተኙት ወይዘሮ ከዲጃ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማነሽ?»

«እኔው ነኝ። ጠጋ በይልኝ።»

ጠጋ አሉላቸው። አንድ ጋቢ ለብሰው ጎን ለጎን ተኙ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። መጀመሪያ የአንዷ ትንፋሽ አጭርና የሚቆራረጥ፣ የሌላዋ ረጅም ነበር። ቆይቶ አጭሩ ቀስ በቀስ እየረዘመ ሄዶ ረጅሙን ያዘው፤ ጋቢውም በሁለቱ ላይ እኩል ከፍ፣ እኩል ዝቅ ይል ጀመር።