የገዛኸኝ ሽጉጥ

ኢያሱ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ገልብጦ ያዘና ሁለቱን ባትሪዎች አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጣቸው።

«ይኸው፣ ካዝናው ወጣ እንበል። አሁን ባዶ ናት?»

«ባዶ ናት እንጂ» አለ ዐብዱራህማን። «ጥይቱ ያለው ካዝናው ውስጥ አይደል?»

«አንዴ ካቀባበልካት አንዷ ጥይት ወደ ውስጥ ገብታለች። ካዝናውን ባሕር ብትጥለውም እሷ እዚያው ናት። ሰው የሚያልቀው እኮ በዚህች ነው።»

«እኔ ወሎ እያለሁ ሦስት ዓመት ታጥቄያለሁ። ካዝናውን አወጣለሁ፣ ትራስ ሥር አደርጋለሁ፣ እተኛለሁ። ይኸው አለሁ።»

«አላህ ጠብቆህ ነዋ» አለች ሚስቱ ሐፍሳ ከወጥ ቤቱ በር ላይ። «እኔስ እዚያው ትራስ ላይ ስተኛ ማን ነገረኝ?»

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል ለቅሶ ቤት መሆናቸውን አስታውሰው ዋጡት። ኢያሱ አገር ቤት ፖሊስ ነበር። እዚህ አቡ ዳቢ የገበያ ማዕከል ጥበቃ ነው፤ ወገቡ ላይ የሚንጠለጠለው የመገናኛ ሬዲዮ ብቻ ነው። ዐብዱራህማን የውሃ ማመላለሻ መኪና ይነዳል። ከጠዋት ጀምረው አል ናህያን ሰፈር ባለው የሃና አፓርታማ ተቀምጠዋል። ስለ አገር ወሬ አወሩ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ እድሳት አወሩ፣ ከዚያ ማንም ሳያስበው ሽጉጥ ውስጥ ገቡ። የሚለቀስለት ሰው የሞተው በገዛ ሽጉጡ ስለሆነ ወሬው እዚያ መድረሱ አይቀርም ነበር።

«ለማንኛውም የሩሲያዋን የሚያህል የለም» አለ ዐብዱራህማን። «ጭቃ ውስጥ ወድቃ እንኳን ትተኩሳለች።»

«ትከብዳለች። ሱሪ ታወርዳለች።»

«ቀበቶህን አጥብቅ።»

«እኔ ብሆን ያቺን አሮጌዋን፣ ከበሮ ያላትን ነው የምመርጠው። አትከሽፍም።»

«እሷማ የሽማግሌ ናት።»

ሃና ሻይ በወረቀት ኩባያ እያደለች መሃላቸው ገባች። የሟች ሚስት ሸዋረገድ የሃና የአክስት ልጅ ናት። «እኔ የሰማሁት ባለቤቱን የገደለ ሽጉጥ ደም ይለምዳል ነው። ካልተጠመቀ ይደግማል።»

«ብታስጠምቂው ይዝጋል እንጂ ምን ይሆናል?»

ኢያሱ ይህን ብሎ ቀና ሲል ሸዋረገድ ነጠላዋን ዘቅዝቃ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ሪሞቱን ከጀርባው ደበቀው።

«ተዉት፣ ቀጥሉ» አለች። ድምፅዋ ሻክሯል። የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ትንሽ ቆይታ፣ «ኢያሱ፣ ስንት ይከብዳል?» አለችው።

«ምኑ፣ እትዬ?»

«ሽጉጥ። በእጄ ይዤ አላውቅም።»

ኢያሱ ሌሎቹን አየ። የሚረዳው አልነበረም። «ከአንድ ኪሎ ስኳር ያንሳል» አለ።

ራሷን ነቀነቀች። 

መርዶዋን የሰማችው ትናንት ነው። ገዛኸኝ ግን ከሞተ ወር አልፎታል። ሰው ቤት ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው ብለው ዘመዶቿ አገር ቤትም እዚህም ተመካክረው ሸሸጓት። ሃና አል ዓይን ከተማ ደውላ ዛኸር ሰፈር ከሚገኘው የሸዋረገድ አሠሪዎች ቤት ፈቃድ እስክታገኝላት ሳምንታት ሄዱ። በመጨረሻ «ሃና ታማለች» ተባለችና ብርቱካን ገዝታ በአውቶቡስ መጣች። በሩን የከፈተችላት ራሷ ሃና ነበረች፤ ጥቁር ለብሳለች፤ ከኋላዋ የቆመው ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሷል። ብርቱካኑ አሁንም ከነፌስታሉ ማቀዝቀዣው ላይ አለ።

እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ልጇ ማቴዎስ ስልክ እያነሳ «አባዬ ወፍጮ ቤት ነው» ይላት ነበር። «አባዬ ተኝቷል።» «ስልኩ ወድቆ ተሰብሯል።» አንድ ቀን «ምነው፣ ሌላ አገባ እንዴ?» ብላ ቀልዳ ልጁ ስቆላታል። ያን ሳቅ ስትሰማው ነው ያደረችው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። እንዲህ አድርጎ መሳቅ ከየት ተማረ?

ገዛኸኝ ትጥቅ የሚያምርበት ሰው አልነበረም። ከአባቱ የወረሰው የናፍጣ ወፍጮ ነበረው፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሰው ነው። በግ ማረድ ስለማይችል በየበዓሉ ወንድሙ አበራ ይጠራል፤ እሱ በር ዘግቶ ሬዲዮ ይከፍታል። አንዴ ሸዋረገድ የአሠሪዋን የማዳምን ልጆች ይዛ አል ዓይን ኦአሲስ የሚባለው መናፈሻ ስትሄድ በቴምር ዛፎቹ ሥር የሚወርደውን የመስኖ ቦይ በቪዲዮ አሳየችው። ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ዛፉን ነው። እሱ ቦዩን እስከ መጨረሻው እየተከተለች እንድታሳየው ለመናትና «ይሄ ውሃ ወፍጮ ያዞራል፤ ለምን በከንቱ ይለቁታል?» አለ። ልጆቹ ስልኩን እየጎተቱ፣ እሷ እየሳቀች፣ ቦዩን ተከትላ ሄደች።

ከዚያ በመንገዱ ላይ ሰው ማገት ተጀመረ። የጎረቤት ከተማ ባለ ወፍጮ ተወስዶ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ፤ ሲመለስ አይናገርም ነበር። ገዛኸኝ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጡን የገዛው በዚያ ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጫማ እንደሚመርጥ ሰው ነበር የሚያወራላት። ትልቁን ይያዝ ወይስ ከኮት ሥር የማትታየውን? ሻጩ «ትልቁ የመታው ሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ ነው የሚወድቅ» ብሎታል። አበራ ደግሞ «ሳታጎርስ ከያዝክ ድንጋይ ነው የያዝከው» ብሎታል። እሷ ስለ ልጁ ትምህርት ስትጠይቀው እሱ ስለ እጀታው እንጨት ይመልሳል። በቪዲዮ ሲያወሩ ጠረጴዛው ላይ ታያታለች።

«አንሳው ከዚያ» ትለዋለች።

ከምስሉ ያወጣታል። «ይኸው፣ አሁን የለችም።»

አንድ ማታ ጎረቤቱ ሊያያት ፈለገ። ገዛኸኝ ካዝናውን አወጣና «ባዶ ናት፣ አትፍራ» አለው። የራሱን የገዛኸኝን ጭን ነው የመታችው። ሆስፒታል ሳይደርስ ደሙ አለቀ።

ከሰዓት በኋላ አበራ በቪዲዮ ደወለ። ሸዋረገድ ስልኩን ሶፋው ላይ እንደተቀመጠች ድምፅ ከፍ አድርጋ አነሳች። አለቀሱ። ከዚያ አበራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሁድ አርባው ነው። ድንኳኑም ድግሱም ተሰናድቷል፣ አታስቢ። ፖሊስ የእጅ ስህተት መሆኑን አይቶ ሽጉጡን መልሶልናል። በአርባው ሽማግሌዎች ፊት ማቲን እናስታጥቀዋለን።»

«ምን?»

«የአባቱ ትጥቅ ነው፣ ሸዋ። ለማን ይሁን?»

«ለማንም አይሁን።»

«እሱማ አንቺ እዚያ ሆነሽ ነው። እዚህ መንገዱን ታውቂዋለሽ። ወፍጮ ቤቱ ያለ ወንድ እንደቀረ ሁሉም አውቋል። ነገ ልጁን ቢወስዱብኝ ምን ብዬ እነግርሻለሁ? እኔ ራሴ ፈርቼ እኮ ነው።»

ይህ ውሸት አልነበረም። አበራ ወንድሙን የቀበረ፣ ልጁን የሚያበላ፣ ወፍጮውን የሚያስነሳ ሰው ነው። ልትቆጣው ፈልጋ አቅም አጣች። ሰኞ ማዳም ቤት ትገባለች፤ የልብስ ክምር ይጠብቃታል። ከዚያ ሆና ማንን ትከለክላለች?

«ማቲን አቅርበው» አለች።

ልጁ በምስሉ መጣ። ጢም አብቅሏል። ተለቅሶ ያለቀበት ፊት ነው ያለው።

«እማዬ።»

«ዓለሜ። ይሄን ነገር ትፈልገዋለህ?»

ወደ አጎቱ አየ። «የአባዬ ነው» አለ። «አትጨነቂ፣ አጎቴ አስተምሮኛል። ትናንት ወንዝ ወርደን ሁለት ተኩሻለሁ። አደገኛ አይደለም፣ ካዝናውን ማውጣት ብቻ ነው። ካወጣሁት ባዶ ነው።»

ኢያሱ ምንጣፉ ላይ የቀሩትን ሁለት ባትሪዎች አየ።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ትራሴ ሥር። ካዝናው ለብቻው መሳቢያ ውስጥ ነው።»

ሸዋረገድ ስልኩን ወደ ኢያሱ ዘረጋች። ኢያሱ አልተቀበላትም።

«እትዬ፣ ይሄ በስልክ አይሆንም። መሣሪያ ከነካሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ልጁ አንድ ነገር ቢሳሳት በእኔ አፍ ነው የሚሆነው።»

«አንተ ካልነገርከው ዛሬም እላዩ ላይ ነው የሚተኛው።»

«አጎቱ ይንገረው።»

«አጎቱን ሰማኸው አይደል?»

ኢያሱ ስልኩን ተቀበለ።  ሬዲዮውን ከወገቡ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ተንበረከከ።

«ማቲ፣ እኔ ኢያሱ እባላለሁ፤ ፖሊስ ነበርኩ። ስልኩን ለአጎትህ ስጠው። አቶ አበራ፣ ከጀርባው ቁሙ፤ ከፊቱ ማንም እንዳይኖር። ልጄ፣ ግድግዳው ጋ ያለው ምንድን ነው?»

«የጤፍ ጆንያ።»

«ጥሩ። ሽጉጡን ከትራሱ ሥር አውጣና በእጀታው ብቻ ያዘው። ጣትህ ቃታው አጠገብ እንዳይደርስ፤ ቀጥ አድርገህ ዘርጋው። አፈሙዙ ከጆንያው አይነቀል። እንዲያ። አሁን በግራ እጅህ የላይኛውን ብረት ያዝና ወደ ኋላ ሳበው።»

«ጠንካራ ነው።»

«ይሁን። አትቸኩል። እስከ መጨረሻው ሳበው።»

ብረቱ ቀጭ ሲል ተሰማ። አንዲት ቢጫ ነገር ከሽጉጡ ጎን ዘላ ወጣች፤ ሲሚንቶው ላይ ወደቀችና ተንከባልላ ከአበራ እግር ሥር ቆመች።



«ሦስት ዓመት» አለ ዐብዱራህማን ቀስ ብሎ። ሐፍሳ አላየችውም። እጇ ትከሻው ላይ ነበር።

«ሽጉጡን መሬት አስቀምጠውና ራቅ በል፣ ልጄ» አለ ኢያሱ። «ጎበዝ። አበቃ።» ስልኩን ለሸዋረገድ መልሶ ወደ በረንዳው ወጣ።

ምስሉ የቤቱን ጣሪያ ያሳይ ነበር፤ አበራ እጁ ወርዶበታል። «ካዝናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» ሲል ተሰማ። «ባዶ ነው ብዬ ለልጁ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ሸዋ። ለወንድሜም አጉርሰህ ያዝ ያልኩት…»

ሸዋረገድ የሚያቆስል ቃል ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። የደከመ ሰው ግን ድንጋይ አያነሳም።

«አበራ፣ ጣቢያ አስረክበው። ዛሬውኑ።»

«እሺ።»

«ማቲ አይያዘው። አንተ ያዘው።»

«እሺ። በአርባው ግን… ሽማግሌዎቹ ይጠይቃሉ። ባዶ እጁን ይቁም?»

«ጋቢውን አልብሱት። የአባቱን ጋቢ።»

«ጋቢ ሌባ አይመልስም።»

«ሽጉጡስ መለሰ?»

አበራ ጥይቷን ከወለሉ ሲያነሳ፣ ሽጉጡን በጨርቅ ሲጠቀልል፣ መሳቢያ ከፍቶ ካዝናውን ሲያወጣ ይሰማ ነበር። ከዚያ የቆርቆሮው በር ተከፈተና ተዘጋ። ስልኩ ልጁ ጋ ቀረ።

ማቴዎስ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። አሁን ገና ነው ማልቀስ የጀመረው፤ ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻው ብቻ ይነሳል፣ ይወርዳል። እናቱ አላባበለችውም። እነዚያን ሳምንታት ሁሉ እሷን ሲያባብላት ስለከረመ እስኪበቃው ጠበቀችው።

«እማዬ፣ ባዶ ነበር እኮ የመሰለኝ።»

«አውቃለሁ። እጅህን አሳየኝ።»

«ምን?»

«ሁለቱንም።»

ስልኩን ምሰሶው ላይ አስደግፎ መዳፎቹን ዘረጋላት። ረጃጅም ጣቶች ናቸው፣ የገዛኸኝን ይመስላሉ። በአውራ ጣቱና በመዳፉ መሃል የሽጉጡ ቅባት ጥቁር ሆኖ ተለቅልቋል።

ሸዋረገድ የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አረጠበችና የስልኩ መስተዋት ላይ፣ መዳፉ ያለበትን ቦታ፣ ቀስ ብላ ጠረገችው። ልጁ እጁን ሳያንቀሳቅስ ጠበቃት። ጥቁሩ አልለቀቀም። ነጠላዋን አዙራ በደረቁ ጫፍ እንደገና ጠረገችው።