አራት ሰዓት ላይ የሚያመው ልብስ ሰፊ

እናቷ ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ፈታሽ ናት» እያለች ስለምታወራ፣ ሰፈሩ በር ላይ ቆማ ቦርሳ የምትበረብር ይመስለው ነበር። ማስረዳት ሰልችቷት ትታዋለች። የምትፈትሸው ግን ቦርሳ አልነበረም። የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት መዝገብ በሚያዝበት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትሠራለች። ከየቅርንጫፉ «እገሌ ተወለደ»፣ «እገሌና እገሊት ተጋቡ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ተቀብሎ፣ አጣርቶ፣ መዝግቦ መልስ የሚልክ አዲስ ፕሮግራም እየተዘጋጀ ነበር፤ ሠሪዎቹ ዌብ ሰርቪስ ይሉታል። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ቀጭኑ ነው። ቀጭኑ የተባለው ድሮ ቀጭን ስለነበረ ነው፤ አሁን ሆዱ ጠረጴዛውን ይነካል፣ ስሙ ግን አብሮት አልወፈረም።

ቀጭኑ ሲጽፍ የዋለውን ማታ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። በቀጣዩ የሥራ ቀን ልክ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሙከራው ሰርቨር ራሱ ይጭነዋል፤ እንደጫነውም እሷ ያዘጋጀቻቸው ፍተሻዎች በተራ ይሄዱበታል። ልደት መዝግብ። ጋብቻ መዝግብ። ፍቺ መዝግብ። ሞት መዝግብ። በመጨረሻ የተደረገው ሁሉ ይሻርና መዝገቡ ወደነበረበት ይመለሳል። አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አረንጓዴ ከበራ ሰላም ነው፤ ቀይ ከበራ ቀጭኑ የሚገባበት ይጠፋዋል።

ለፍተሻው ሰው ያስፈልጋል፤ የእውነተኛ ሰው መረጃ መጠቀም ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ፈጠረች። ቀሚሷን ለማሳጠር የሰጠችበት ሳምንት ስለነበር ሥራውን ልብስ ሰፊ አለችው። ዕድሜውን ስልሳ አንድ። ልዩ ምልክት በሚለው ላይ፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ። የእናቱን ስም ስትጽፍ አስነጠሳትና ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋወጡ፤ «ማን ያየዋል» ብላ አለፈችው። ሰውዬው ሰባት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ተወለደ፣ አገባ፣ ፈታ፣ ሞተ።

አንድ ሰኞ ከታች ከመስኮት ቁጥር ሁለት ስልክ ተደወለላት። የመስኮቷ ጸሐፊ ነበረች፤ በዚያ ሳምንት ለልምምድ ተብሎ ኮምፒውተሯ ከሙከራው ሰርቨር ጋር ተገናኝቶላታል።

«ነይማ ውረጂ» አለቻት። «የልደት ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ሰው መጥቷል። በድሮው መዝገብ ቢፈለግ ቢፈለግ የለም። እናንተ ሙከራ ላይ ግን ቁጭ ብሏል።»

«የስም መመሳሰል ይሆናላ።»

«የጠባሳ መመሳሰልም አለ እንዴ?»

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች። ሰውዬው ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል፤ የልብስ መለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ ማውረድ ረስቶ እንዳንጠለጠለው ነው የመጣው። ጠባሳው ከግራ ቅንድቡ በላይ ነው። ከጎኑ ባለቤቱ ክንዱን ይዛ ቆማለች፤ አጠር ያለች፣ ፊቷ ፈገግ ለማለት የሚቸኩል ሴት።

«የእናትዎ ስም ማን ይባላል፣ ጋሼ?» አለችው።

ነገራት። ሁለቱን ፊደላት ቦታ እንዳለዋወጠ፣ ሳይደናቀፍ ጠራው።

«ሰው ሁሉ ስህተት ይመስለዋል፣ ልጄ» አለ እየሳቀ። «አያቴ ናቸው እንደዚያ ያወጡላት። ምን ማለት እንደሆነ ግን ነጋሪ አላገኘሁም።»

ፈታሿ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። በዚህ መሃል ባለቤቱ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«እንሂድ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ» አለችው። ወደ ፈታሿም ዞር ብላ «አይቀየሙኝ እመቤት፤ አራት ሰዓት ላይ ያመዋል» አለች።

«በየቀኑ?»

«ቅዳሜና እሁድ ይተወዋል። ሐኪሞቹም ሲስቁብኝ ከረሙ። በሽታ ደግሞ እረፍት ይወጣል ወይ ይሉኛል።»

ፈታሿ አድራሻቸውን ተቀበለች። ወረቀቱን በተመለከተ እመጣለሁ አለቻቸው።

በማግስቱ ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልብስ ስፌቱ ቤት ደረሰች። አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ያላለቀ ኮት፣ ወለሉ ላይ ብጥስጣሽ ክር። ባለቤቱ መቀሱን ከእጁ ወስዳ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ይህን ብዙ ጊዜ እንዳደረገች ከአያያዟ ያስታውቃል።

አራት ሰዓት ሞላ። ሰውዬው አፉን ከፈተና አለቀሰ። የሽማግሌ ለቅሶ አልነበረም፤ አሁን የተወለደ ሕፃን የሚያለቅሰው ቀጭን፣ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። ድንገት ተወው። ፊቱ በራ፣ የሚስቱን እጅ ይዞ እንደ ሙሽራ አፍሮ ሳቀ። ከዚያ እጇን ለቀቀ። ቀና ብሎ አያት፤ መንገድ ላይ የገጨችውን የማያውቃት ሴት እንደሚያይ አያት። ከዚያ ትንፋሹ ቆመ።

«አንድ» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «ሁለት። ሦስት…»

ፈታሿ ስንት ላይ እንደሚያበቃ ታውቀዋለች። ከሞት ምዝገባው በኋላ፣ ሁሉም ከመሻሩ በፊት፣ ሰርቨሩ ሰባት ሰከንድ እንዲጠብቅ ያዘዘችው ራሷ ናት።

«ሰባት» አለች ሴትየዋ፤ ሰውዬውም ትንፋሹን በረጅሙ ሳበ። «መቀሴን የት አደረግሽው?» ብሎ ተነሣ።

ወደ ጓሮ ሲገባ ሚስቱ ወደ ፈታሿ ጠጋ አለች። «ሞቱን እንኳ ለመድኩት» አለቻት። «ያቺ አስተያየቱ ናት አንጀቴን የምትቆርጠው። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ እንደ ባዳ ያየኛል።»

ፈታሿ ወደ ቢሮ ተመልሳ የሆነውን ሁሉ ለቀጭኑ ነገረችው።

«አይ አንቺ!» አለ ቀጭኑ። «ሰው ከምትፈጥሪ ደህና እንቅልፍ ብትተኚ ይሻልሻል።»

«እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ነገ ፍቺውን ከፍተሻው አውጣው። ሌላውን አትንካ። አራት ሰዓት ላይ ከልብስ ስፌቱ ቤት እደውልልሃለሁ፤ ስልኩን ሳትዘጋ ስማ።»

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሰውዬው እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እንደ ሙሽራ ሳቀ፣ የሚስቱን እጅ ያዘ። አልለቀቃትም። እንደያዛት ትንፋሹ ቆመ፣ እንደያዛት ተመለሰ። ሴትየዋ መቁጠሩን ረስታ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። «ዛሬ አልረሳኝም! አየሽልኝ? አልረሳኝም እኮ!»

«የሞቱን አሁኑኑ አወጣዋለሁ» አለ ቀጭኑ በስልኩ ውስጥ። «ልደቱንም ጋብቻውንም። ለሙከራው ሌላ ነገር እንፈልጋለን፤ ዕድሜው ሁለት መቶ ዓመት የሆነ፣ እግዜር የማያውቀው።»

ሐሙስ ጠዋት ሰውዬው አራት ሰዓትን ልብስ ሲተኩስ አሳለፈው። በዚያው ቀን ከሰዓት ግን ኃላፊያቸው ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ፕሮግራሙ ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሥራ ይጀምራል አለች፤ የሙከራው ሰርቨር ሙልጭ ተደርጎ ይታጠብና ዋናው አገልግሎት ይጫንበታል።

«የሙከራ መዝገብ አንድ መስመር እንኳ እንዳይቀር» አለች።

«አንድ ሳምንት ብናራዝመውስ?» አለች ፈታሿ።

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ ቢናገሩት የሚታመን አልነበረም።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ የቀጭኑን ክንድ ያዘች። «መዝገቡ ሲጠፋ ሰውዬው ምን ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «ሌላ ቦታ ያልተጻፈ ሰው ከተሰረዘ…» አልጨረሰውም።

ሌላ ቦታ መጻፍ አለበት ማለት ነው። በድሮው መዝገብ ያልተገኘ ሰው ሦስት ምስክር አቅርቦ እዚያው እንዲመዘገብ ሕጉ ይፈቅዳል። ፈታሿ ቅጹን ይዛ ልብስ ስፌቱ ቤት በረረች። ከዚያ በኋላ የሮጠችው ሚስትየዋ ናት። አናጢውን ጎረቤታቸውን ከመጋዙ ላይ አስነሣች፣ የቤት አከራያቸውን ከአልጋ፣ ወፍጮ ቤት ያለውን ሰውዬ ዱቄቱን ሳያራግፍ ጎትታ አመጣች። አርብ ሥራ ሊያበቃ ሲል ማኅተሙ ተመታ። ሴትየዋ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ደጋግማ አየችው፤ ፈታሿንም ጉንጭና ጉንጯን ሳመቻት።

«አንቺን የወለደች እናት ትባረክ» አለቻት። «እሱ ብቻ ይሁንልኝ። እኔ የትም አልሄድ።»

ሰኞ ጠዋት ሦስቱ ልብስ ስፌቱ ቤት ተቀመጡ። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ፈታሿ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ዓይኗን ከሰውዬው ደረት ላይ ሳትነቅል በሩ ጋ ቆመች።

«ጀመርኩ» አለ ቀጭኑ።

ሰውዬው ይተነፍሳል። የውጪው መንገድ ጫጫታ ጸጥ ያለ መሰላት። ሰውዬው አሁንም ይተነፍሳል።

«ጨረስኩ። እንዴት ነው?»

«ደህና ነው!» ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ እንባዋን ጠረገች። «ምንም አልሆነም፣ ደህና ነው!»

«ተመስገን! እኔማ ሁለቱንም መዝገብ ሳጠፋ ዓይኔን ጨፍኜ…»

«የማንን ሁለት?»

«የሱንና የሙሽሪትን ነዋ። ጋብቻ ያለ ሙሽሪት ይመዘገባል እንዴ? አንቺው ነሽ ያስገባሻት። ሰነፍሽ መሰለኝ፣ ስም በሚለው ላይ አንድ ፊደል ብቻ ነው የጻፍሽላት።»

ዞረች። ከሰውዬው ጎን ያለው ወንበር ባዶ ነበር። የሰውዬው እጅ ጉልበቱ ላይ ግማሽ ተጨብጦ ቀርቷል፤ ውስጡ ግን ምንም የለም። ወደ ጓሮ የሚያስወጣው በር ተቆልፏል። በፊት ለፊቱ በር ደግሞ እሷን ሳይነካ የሚያልፍ አይኖርም።

«እትዬስ?» አለች። «የት ሄዱ?»

«የትኛዋ እትዬ?» አለ ሰውዬው።

«ባለቤትዎ።»

ሳቀ። «ልጄ፣ እኔ ሳላገባ ነው ያረጀሁት። ይልቅ ወረቀቴን ስላስጨረስሽልኝ እግዜር ይስጥሽ።»

አናጢውን ጠየቀችው። ለምስክርነት የጠራኝ ራሱ ነው አላት፤ ወንደላጤ መሆኑን አገር ያውቃል። አከራዩም ወፍጮ ቤት ያለውም እንደዚያው አሉ። ቀጭኑ የታጠበው ሰርቨር ላይ የቀረ ነገር ካለ ብሎ ሦስት ቀን አገላበጠ። ባዶ ነበር። ሙሽሪቷን እንደገና በሌላ የሙከራ ሰርቨር ላይ ጻፏት፤ ቁመቷን፣ ሻርፗን፣ የፊቷን ፈገግታ፣ ለፈታሿ ትዝ ያላትን ሁሉ። ሁለት ሳምንት ጠበቁ፤ ማንም አልመጣም። አዲሱ ፕሮግራም ግን ያለ አንዳች እንከን ሠራ፤ ኃላፊዋም ተመሰገነች።

ከወር በኋላ ፈታሿ ልብስ ስፌቱ ቤት ሄደች። ሰውዬው ጤና ነው፤ ጉንጩ ሞላ ብሏል። ሥራ ላይ ግን አልነበረም። የስፌት መኪናውን መዘውር በባዶው በጣቱ ያሽከረክራል።

«ቁጭ በይ» አላት። ትንሽ ቆይቶም፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የዚያን ቀን ባለቤትዎ ያልሽኝ ለምን ነበር? ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሥራ እጀምርና ለአንድ ሰው የምነግረው ነገር ነበረኝ እላለሁ፤ ዞር ስል ቤቱ ባዶ ነው።»

ፈታሿ መዋሸት ትችል ነበር። ግን ተቀምጣ ከሀ እስከ ፐ ነገረችው። እንዴት ክንዱን ይዛ መስኮቱ ጋ እንደቆመች፣ እንዴት እስከ ሰባት እንደምትቆጥርለት፣ ያን ረቡዕ እንዴት እንዳለቀሰች፣ ምስክር ፍለጋ እንዴት እንደሮጠች። ጥፋቱ የማን እንደሆነም አልደበቀችውም። ሰውዬው መዘውሩን ማሽከርከር አቁሞ ነበር።

ስትጨርስ እጁን ከመዘውሩ ላይ አነሣ።

«ስሟስ ማን ነበር?» አለ።

«አልጠየቅኋትም» አለችው።