በጋሽ ሸሃታ ስም የተቆለፉ ታብሌቶች

የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ሸሃታ ቁልፉን ከጀለቢያቸው ኪስ አወጡና መልሰው ከተቱት።

"ታብሌቶቹን አብርቶ መጠቀም የለም። ልጆቹ ይዘዋቸው ፎቶ ይነሡ፤ ከዚያ ቆጥሬ እረከባለሁ።"

"ጋሼ በሞቴ! ሳይበሩ ምን አስተምርባቸዋለሁ?" አለች ሠልጣኟ መምህርት ሰብሪን።

"ካንቺ በፊት የመጡት ምን አስተማሩባቸው? አንዱ ቢሰበር ከማን ደመወዝ የሚቆረጥ መሰለሽ? ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ቀርቶኛል፣ ልጄ።"

ልትቆጣቸው ፈልጋ አልሆነላትም። በሶሃግ ገጠር የመንግሥት ዕቃ ቢሰበር የሚከፍለው ፈርሞ የተረከበው ሰው ነው። ሃያዎቹ ታብሌቶች ትምህርት ቤቱ ከገቡ ሦስት ዓመታቸው፤ እስከዛሬ አቧራቸው ከመጠረግ በቀር ምንም አልተሠራባቸውም። ከጋሽ ሸሃታ በፊት ዕቃ ቤቱን የያዘው ሰው ለአንድ የተሰነጠቀ መስታወት ዓመት ሙሉ ከፍሏል።

የሰብሪንም ጭንቀት ቀላል አልነበረም። የመምህርነት ሥልጠናዋን ልትጨርስ የቀራት ሳይንስን በታብሌት የማስተማር ፈተና ብቻ ነው። አምና ወድቃበታለች። ዘንድሮም ከወደቀች ሦስተኛ ዕድል የለም፣ አራት ዓመቷን ውሃ በላው ማለት ነው። እናቷ እንደሆኑ ገና ካሁኑ ሰፈሩን "የመምህሯ እናት" አሰኝተዋል።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ፈታኟ ዶክተር ነጅዋ መጡ። ሃምሳ ስምንት የአራተኛ ክፍል ልጆች ሦስት ሦስት ሆነው በየዴስኩ ታጭቀዋል። ትምህርቱ ልብ ደምን እንዴት እንደሚረጭ ነው። ሰብሪን ኮሌጅ ውስጥ ወር ሙሉ ተለማምዳዋለች፤ ታብሌቱ ላይ የሚታየው ልብ በጣት ሲነኩት ይመታል፣ ሲከፍቱት ክፍሎቹን ያሳያል። አሁን ልጆቹ የታቀፉት ጥቁር መስታወት ነው።

"በሉ ቀና! ፈገግ በሉ!" ዶክተር ነጅዋ ስልካቸውን ደቀኑ።

"ሚስ፣ ልቡ የታለ?" አለች ኒዕማ የምትባል ልጅ ከፊት ዴስክ። "የሚታየኝ የራሴ ፊት ነው።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

"ዝም ብለሽ ካሜራውን እይ!" አለቻት ሰብሪን። ወዲያው በራሷ አፈረች። የልጅቷ ጥያቄ ትክክል ነበር።

ጋሽ ሸሃታ ታብሌቶቹን ቆጥረው ወሰዱ። ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ዶክተር ነጅዋ ቅጹን ዘረጉላት።

"አርባ ስድስት ከሃምሳ ሰጥቼሻለሁ። 'ተማሪዎቹ በታብሌቱ ምን ሠሩ?' የሚለውን ግን የምትሞይው አንቺ ነሽ።"

"ምን ልበል?"

"'የልብን አመታት ተከታተሉ' በያ። ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው። ቶሎ በይ፣ ሚኒባሱ ያመልጠኛል።"

"ዶክተር፣ እርስዎ እኮ በዓይንዎ አይተዋል።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። አንዱ ሠልጣኝ እውነቱን ጽፎ ወደቀ፤ ዛሬ ገበያ ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል። እኔም ላድነው አልቻልኩም።"

ሰብሪን እስክሪብቶውን ተቀበለች። ፈርታለች። መስመሩ ላይ "ምንም አልሠሩም" ብላ ጻፈችና ከሥሩ ፈረመች።